አሥራ አንድ ቀን የቀረው ኮት

የባለቤቴ ኮት ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰው እሱ በተቀበረ በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። እንደማንኛውም ልብስ ተጣጥፎ፣ በሚያሳይ ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ አንገቱ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሎበት መጣ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ የወንድ ኮት፣ ጥቁር ሰማያዊ። የለባሽ ምድብ፦ ድንጋይ። የተለበሰበት ቀን ብዛት፦ አንድ ሺህ ሰማንያ አራት። ቀዳዳ፦ አንድ፣ ከግራ ብብት እስከ ወገብ፣ አርባ ሁለት ሳንቲሜትር፣ እውነተኛ። እድፍ፦ አለ፤ ይቆይ።

ስም አይጻፍበትም። ስም ባይጻፍበትም የቀኝ ኪሱ አፍ እንዴት እንደላላ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ኢዮስያስ እጁን ሲከትበት አይቻለሁ፤ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ እጁ ሌላ ቦታ አያውቅም ነበር። ከረጢቱን ሳልከፍት አወቅኩት። ከዚያ ግን እንደ ሥራው ደንብ ከፈትኩት፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ዓይን እጄ ከሦስት ደቂቃ በላይ ሥራ ሲፈታ ለፈረቃ ኃላፊው ይናገራልና።

ኮምቦልቻ ውስጥ የራሱ ልብስ ያለው ሰው ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ልብስ የሚሰጠን ‘ኑሮ’ ነው። ኑሮ የኩባንያው ስም ነው። አዲሱን ልብስ ከበሩ ላይ እንቀበላለን፣ ሦስት ዓመት እንለብሰዋለን፣ ሲሳሳና ሲቀደድ ወደ ጥገና አዳራሹ ይገባል፣ ከዚያ ባሕር ይሻገራል። ገዢዎቹ ያሉበት አገር ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ስለሚውል ልብሱ አያልቅም ይባላል። ያላለቀ ልብስ መልበስ ደግሞ እዚያ ነውር ሆኗል፤ ያልኖረ ሰው ያስመስላል። ስለዚህ መኖሩን እኛ እንኖርላቸዋለን።

ጠዋት ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «እንዴት አደርክ» ካለ በኋላ «ክርንህስ?» ብሎ ይጠይቃል። ክርኑ የሳሳለት ፈገግ ይላል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ግቢ ድሮ ሣር ነበር፤ ኩባንያው የሱሪ ጉልበት ቶሎ እንዲሳሳ ጠጠር አስለበሰው። የወላጆች ኮሚቴ የምስጋና ወረቀት ሰጥቷል። ወረቀቱ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ተሰቅሏል፤ እኔም ፈርሜበታለሁ።

ልብሱ በሥራ ሰዓት አይወልቅም። ካወለቁት እንደ ጫጩት ይጮሃል። አሥር ትንፋሽ ያህል ይታገሣል፤ በዚያ ውስጥ መልሰው ካልለበሱት ዝም ይላል፣ የተቆጠረው ቀን ሁሉ ይሰረዛል፣ ከአንድ ይጀመራል። ምክንያቱን ጠይቀን ነበር። ገዢው የሚገዛው ያልተቋረጠ ሕይወት ነው ተባልን።

እኔ ጠጋኝ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ክርኑ ላይ በነጭ ክር ‘ዝናብ’ እሰፋለሁ፤ አጫጭር ስፌት በረድፍ በረድፍ ይወርዳል። ረጅም ቅዳድ ላይ ‘የገብስ ዛላ’ እሰፋለሁ፤ መሐሉ አገዳ፣ ግራና ቀኙ ፍሬ። ክብ ቀዳዳ ላይ ደግሞ ክሩን ዙሪያውን እየሸመንኩ ‘ሰፌድ’ አወጣበታለሁ። ደንቡ አንድ ነው፦ ክሩ ከጨርቁ ጋር መጣላት አለበት። ሰማያዊ ላይ ቀይ፣ ጥቁር ላይ ቢጫ። ጥገናው ከሁለት ክንድ ርቀት ካልታየ አልተጠገነም ማለት ነው።

ያለቀው ልብስ አንገቱ ስር ‘ድሪቶ’ የሚል ቃል በእኛው ፊደል ይታተምበታል። ገዢዎቹ ፊደሉን ይወዱታል አሉ። እናቶቻችን ድሪቶ ለባሽ እንዳይባሉ ከሰርግ የቀሩበት ቃል አሁን ማዕረግ ሆኗል፤ ማዕረጉ ግን ለእኛ አይደለም።

አባቴም ጠጋኝ ነበር፤ ገበያው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችው። የእሱ ጥገና ግን እንዳይታይ ነበር። ሲጋራ ያቃጠለውን ሱፍ፣ ምስማር የያዘውን ካፖርት ያመጡለታል። ከልብሱ ቅምቅማት ውስጥ፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ ክር ይመዛል። በዚያ በራሱ ክር ድሩን ዘርግቶ ማጉን እያሳለፈ ቀዳዳውን እንደገና ይሸምነዋል። ባለቤቱ ሲመጣ ልብሱን እያገላበጠ ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ይስቃል። አባቴም ከእሱ ጋር ይስቃል። የሰው ቀዳዳ የሰው ገበና ነው ይለኝ ነበር፤ ከፍተን የምናሳይ ሳንሆን የምንሸፍን ነን ይል ነበር። ሙያውን ሁሉ አስተማረኝና ሞተ። እኔ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቃራኒውን ሠራሁ። አፍሬ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ለምጄው ነበር።

ኢዮስያስ ድንጋይ መፍጫው ላይ ይሠራ ነበር። ድንጋዩን ወደ መፍጫው የሚወስደው ቺንጋ አጠገብ ኮት ተለብሶ አይቆምም፤ እዚያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ድሮ በካናቴራ ነበር የሚሠሩት። የድንጋይ ምድብ ልብስ ውድ ከሆነ ወዲህ ግን ሁሉም ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይቆማሉ። ሦስት ዓመት ያልተቋረጠ ቀን የሞላለት ለባሽ ከድንጋይ ወደ መጋዘን ምድብ ይዛወራል፤ መጋዘን ጥላ ነው፣ አቧራም የለውም። ኢዮስያስ የሚያልመው ይህንኑ ነበር። ሳንባው እያፏጨ መተኛት ሰልችቶት ነበር።

ይህ ሁለተኛ ኮቱ ነው። በመጀመሪያው ሰባት መቶ ቀን ሞልቶት ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ዳር ምጥ የያዛትን ሴት አገኘ። የሥራ ሰዓቱ ጀምሯል። ኮቱን አውልቆ ሸፈናት፣ ሰዎች እስኪመጡ ድረስ አጠገቧ ቆመ፣ ኮቱ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ሰባት መቶው ቀን በዚያው ሄደ። ስለዚያ ሕፃን መወለድ ሲያወራ ይስቅ ነበር፤ ስለ ኮቱ ግን አያወራም ነበር። ሁለተኛውን ሲቀበል ግን ምንም ቢመጣ አላወልቅም አለኝ። አላወለቀም። በሞተበት ጠዋት ጫማውን እያሰረ «አሥራ አንድ ቀን» አለኝ። ወደ መጋዘን ለመዛወር የቀረው ይህ ነበር።

ቺንጋው በግራ ጎኑ ያዘው። ሌላ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ተቀድዶ ይለቀው ነበር። የኑሮ ጨርቅ ግን ጠንካራ ነው፤ ሦስት ዓመት ድንጋይ እንዲችል የተሠራ ነው። አርባ ሁለት ሳንቲሜትር እስኪቀደድ ድረስ እሱን ይዞት ሄደ። ማሽኑን ያቆመው ጓደኛው በርናባስ ነው፤ ቁልፉ አጠገብ ሲደርስ ዘግይቷል።

ሬሳው ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ሁለት የኑሮ ሰዎች ቤቴ መጡ። ትሑቶች ነበሩ፤ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ ሁለት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪና አንድ ሹራብ ቆጥረው በከረጢት ወሰዱ። ኮቱን ሆስፒታል ውስጥ ቀድመው ተረክበውታል። ኢዮስያስ ይዞት የሄደው የራሱ ጨርቅ መግነዙ ብቻ ነው።

እናቱ እማማ ሜላት ከገጠር በማግስቱ ደረሱ። በእሳቸው አገር ሟች የሚለቀሰው ልብሱ ተይዞ ነው። እናት የልጇን ኮት ወይም ጋቢ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ ወደ ሕዝቡ እያዞረች በስሙ ትጠራዋለች፣ ልብሱን እያየ ሕዝቡ ያለቅሳል። እማማ ድንኳኑ መሐል ቆሙና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። የምሰጣቸው አልነበረኝም። እጃቸው ባዶውን ትንሽ ቆየ።

«ምን ይዤ ላልቅስ?» አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የኑሮን ልብስ ለብሶ ነበር። እማማ ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላለቀሱም። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ሲጠየቁ ይመልሳሉ። ለቅሶው ውስጣቸው ተቀምጦ አልወጣም፣ እኔም በየቀኑ ፊታቸውን እያየሁ ወደ አዳራሹ እሄድ ነበር።

የፈረቃ ኃላፊያችን ያፌት ይባላል። ከልጅነታችን ጀምሮ እንተዋወቃለን፤ አባቴ የእሱን አባት ካፖርት ጠግኗል። ኮቱን በከፈትኩበት ቀን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለሌላ ጠጋኝ ሊሰጠው ፈልጎ እንደነበር ነገረኝ። ገዢው ግን የለባሹ ሚስት ጠጋኝ መሆኗን ከተላከለት መግለጫ ላይ አንብቦ እሷ ካልሰፋችው አልወስድም ብሏል። ቀይ ክር እንዲሆን ይፈልጋል። የገብስ ዛላ፣ ከብብት እስከ ወገብ። እድፉ እንዳይነካ። ከዚያ ደግሞ በድምፅ የምናገረው አንድ አንቀጽ አለ፤ ኮቱን የገዛ ሰው ሲለብሰው ይሰማዋል። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ መጥቷል። ‘እያንዳንዱን ስፌት ስሰፋ የባሌን ድምፅ እሰማ ነበር’ ይላል።

ማን ጻፈው አልኩት። ማንም አልጻፈውም፣ ማሽኑ ነው አለኝ።

ያን ሰዓት መርፌውን የያፌት ዓይን ውስጥ ልሰካው አስቤ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ግን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በቀስታ ተናገርኩ።

«ኮቱን ስጡኝ፣ ያፌት። ለአርባው እናቱ ያልቅሱበት። ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ።»

ቢችል እንደሚያደርገው ማለልኝ። አይችልም። ከኩባንያው እጅ የሚወጣ ልብስ በደንብ ቁጥር አሥራ ሰባት የሚወጣው ብቻ ነው፦ የኑሮ ምልክት ያልታየበት ልብስ ለለባሹ ወይም ለወራሹ ይመለሳል። ይህ ደንብ ለሰነፎች የወጣ ነው፤ ሦስት ዓመት ለብሰው ክርናቸው ላልሳሳ። «የአንቺው ግን አርባ ሁለት ሳንቲሜትር ነው» አለኝ፣ እንደ ማጽናኛ። «ከዚህ በላይ ምልክት የት ይገኛል?» ትከሻዬን ነካ አድርጎ ተነሣ። ሥራው በአሥራ ሦስት ቀን እንዲደርስ ጠየቀኝ።

ደንብ ቁጥር አሥራ ሰባትን እኔም አውቀዋለሁ። ከአፉ ሲወጣ ግን አባቴን አስታወሰኝ።

በማግስቱ ቀዩን ክር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ፣ ረጅሙን ቆርጬ መርፌ ላይ አስገባሁ፣ መርፌውን የጠረጴዛው ዓይን በሚያየው ቦታ ሰካሁ። ከዚያ ኮቱን ወደ ጭኔ ሳብኩና የታችኛውን ቅምቅማት ፈታሁ። ጨርቁ በሦስት ጣት ታጥፏል፤ እዚያ ውስጥ ፀሐይ ያልነካው፣ ድንጋይ ያልነካው ክር አለ። ገበሩን ከፍቼ ከኮሌታው ጀርባም መዘዝኩ። ፀሐይ ያልነካው ክር ደመቅ ስለሚል በጨርቁ አቧራ በጣቴ እያሸሁ አደበዘዝኩት። ክሩን አንድ በአንድ ለየሁ፤ ድሩን ለብቻ፣ ማጉን ለብቻ።

የጠረጴዛ ዓይን የሚያውቀው እጅ መንቀሳቀሱን ነው። የእኔ እጅ ደግሞ በአዳራሹ ካሉት ሁሉ በላይ ይንቀሳቀስ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ስሜ የትጉሃን ሰሌዳ ላይ ወጣ። ያፌት አንገቴን እንደደፋሁ በሩቅ ሲያየኝ እያዘነ ያልፋል። ኀዘንተኛን ቀርቦ ማየት ነውር መሆኑ ለአንድ ጊዜ ጠቀመኝ። አንድ ክር ከላይ፣ አንድ ክር ከታች፣ ደግሞ አንድ ክር ከላይ። በቀን ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል አልሞላም፤ ጣቶቼ ያበጡ ጀመር። በየቀኑ ቀዩን ክር እየመተርኩ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ ክሩ በስፌት የጎደለ መምሰል አለበት።

አጠገቤ የምትሠራው ቤዛዊት በአራተኛው ቀን አወቀች። ቀዩ ክር ጨርቁ ላይ እንደሌለ አየች፣ ወደ እኔ ቀና አለች፣ ተመልሳ ወደ ሥራዋ ዞረች። ከሰዓት ስመለስ መብራቷን ወደ እኔ ጠረጴዛ አዙራው አገኘሁ። እሷ እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን በደብዛዛ ብርሃን ሰፋች።

የሳሳውን ክርንና የላላውን የኪስ አፍም በዚያው ክር መለስኩ። እድፉ ቀረ። ያን ከምሳ ዕቃዬ ባመጣሁት ጨው ማጠብ ነበረብኝ። በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲበላ፣ ኮቱን ከሥራ ቀሚሴ ስር ደብቄ ወደ እጅ መታጠቢያው ገባሁ። ደም በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለቀው፤ ሙቅ ያቆየዋል። ጨው እየነሰነስኩ በጣቴ አሸሁት። ውኃው ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ጠራ። የባሌ ደም ኩባንያው እጅ በሚታጠብበት ገንዳ ወረደ። ያን ቀን አለቀስኩ። ኀዘን እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው። ኀዘኑን እንኳ በወጉ እንዳላዝን አድርገውኛል፤ ገና ሰርቄ ነው የማዝነው።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ጨረስኩ። ኮቱን ተኩሼ ሰቀልኩትና ሁለት ክንድ ራቅሁ። ምንም የለም። አንድ ክንድ ቀረብኩ። ምንም የለም። እጄን አሳለፍኩበት፤ የእኔ ጣት ብቻ ያውቀዋል። ንዴቱ ባለበት ሆኖ ሌላ ነገር ተሰማኝ፤ አባቴ ልብሱን እያገላበጠ ከሚስቅ ሰው ጋር ሲስቅ የሚሰማው ዓይነት። ደስ አለኝ። ይህን መናገር አለብኝ፤ በኋላ ዋጋ ያስከፈለኝ ይህ ደስታ ነውና።

በማግስቱ ኮቱ የልብስ ጉዳት በሚለካው የመፈተሻ በር አለፈ። በሩ አረንጓዴ በራ። ሰሌዳው ‘ጉዳት፦ የለም። ጥገና፦ የለም። የኑሮ ምልክት፦ ከመለኪያ በታች’ አለ። ያፌት ሦስት ጊዜ መልሶ አሳለፈው። ከዚያ ኮቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣና በሁለት እጁ እያገላበጠ ፈለገ። ብብቱን ገልብጦ አየ። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ በብርሃን አየ።

«የት አደረግሽው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሶልያና፣ ቀዳዳውን።»

ኮቱ የኩባንያው ጨርቅ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቀዳዳ ቢኖርበት በሩ ያየው ነበር አልኩት። ገዢው እየጠበቀ ነው። መቀስ አንስቶ እዚያው ሊቀደው እንዳሰበ ከዓይኑ አየሁ፤ ከመቀሱ አጠገብ የነበረው እጁ ግን ቆመ። ኑሮ ለገዢዎቹ የሚምለው አንድ መሐላ አለ፤ በእጅ የተቀደደ ልብስ አንሸጥም የሚል። መቀስ የነካው ክር ጫፉ ይታወቃል፤ በሩ ቀይ ይበራል፣ የቀደደው ሰውም ይጠየቃል። የእኛ ሰው በቺንጋ ቢቀደድ እውነተኛ ይባላል፤ ጨርቃቸውን በመቀስ መንካት ግን ማጭበርበር ነው።

«አባትሽ ነው ያስተማረሽ» አለኝ በመጨረሻ።

«የአባትህን ካፖርት ጠግኖ የለ፤ አስታውስ እስቲ፣ ቀዳዳውን አግኝተኸው ታውቃለህ?»

በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበትኩ። ኮቱን ግን ደንቡ ስለሚያስገድድ እዚያው ጠጋኞቹ ፊት አስፈርመው፣ አንገቱ ስር ያለውን የቀን ቆጣሪ ነቅለው፣ ‘ምልክት አልባ’ የሚል ወረቀት አንጠልጥለው ሰጡኝ። የአንድ ሺህ ሰማንያ አራት ቀን ሰው ሰነፍ ተብሎ ተመዘገበ። ከረጢት አልሰጡኝም፤ ክንዴ ላይ አድርጌው ከተማውን አቋርጬ ሄድኩ፣ ሰዎችም የሰነፍ ሰው ወረቀት ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ።

አርባው ቅዳሜ ዋለ። እድሩ ድንኳኑን ግቢያችን ውስጥ ጣለው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ሞላ። የድንጋይ መፍጫው ሰዎች ከሥራ ሰዓታቸው ላይ ፈቃድ አግኝተው መጡ፤ ሰዓቱ የሥራ ስለሆነ ኮታቸውን እንደቆለፉ በዚያ ሙቀት ተቀመጡ። በርናባስ ከፊት ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል ተብሏል። ያፌትም መጣ። ለቅሶ የማይመጣ ሰው የለም፤ መጨረሻ ወንበር ላይ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

ኮቱን አምጥቼ እማማ ሜላት ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ዳበሱት። አሸተቱት፤ የካውያ እንፋሎት እንጂ ምንም አልሸተታቸውም። ከዚያ ተነሡና በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙት። ወደ ቀኝ አዞሩት፣ ወደ ግራ አዞሩት። አፋቸው ተከፈተ። ድምፅ አልወጣም። እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

«የት ጋ ነው ልጄን የያዘው?» አሉኝ።

አሳየኋቸው። እዚህ ነው፣ ከብብቱ እስከ ወገቡ ድረስ አልኩ። ጣታቸውን አሳለፉበት፣ መልሰው አሳለፉበት።

«የለም እኮ።»

ኩባንያው ኮቱን እንዲለቅልኝ ብዬ እንደጠገንኩት፣ እንዳይታይ አድርጌ እንደጠገንኩት፣ ደሙንም ያጠብኩት ለዚሁ ብዬ እንደሆነ ነገርኳቸው። አሥራ ሦስት ቀን ፈጀብኝ አልኩ። ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

«እነሱስ እሺ» አሉ። «አንቺም ልጄ ምንም እንዳልሆነ ታደርጊዋለሽ?»

እውነታቸውን ነው። የመፈተሻው በር አረንጓዴ ሲበራ ያን ያህል ደስ ያለኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ሙያዬ ነው ደስ ያለው። አባቴ የሸፈነው የምስኪን ሰው ገበና ነበር፤ እኔ አሥራ ሦስት ቀን ጣቴ እስኪያብጥ የሸፈንኩት ግን የማንን ነው? ጉዳት የለም ብለው ጻፉ፤ እኔም ጉዳቱን በገዛ እጄ አጥፍቼላቸዋለሁ። ነገ ኢዮስያስ በምን ሞተ ቢባል የሚታይ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ንዴት ያፌት ላይ እንኳ አልተሰማኝም፤ በራሴ ላይ ነው።

ቀሚሴ ኮሌታ ላይ ሁልጊዜ የምሰካት መርፌ አለች። ነቀልኳትና ኮቱን ከእጃቸው ሳልወስድ ተንበረከክሁ። መነሻውን ከእኔ በቀር ማንም አያገኘውም። በመርፌው ጫፍ አንዱን ክር አነሣሁ፣ በጥርሴ በጠስኩት፣ ሳብኩት። ቀጣዩን ሳብኩ። አሥራ ሦስት ቀን የገባው ክር አንድ የዳዊት መዝሙር ተደግሞ ሳያልቅ ወጣ፤ መሬቱ ላይ ተቆለለ። ጨርቁ ከብብት እስከ ወገብ ድረስ አፉን ከፈተ። አርባ ሁለት ሳንቲሜትር።

መጨረሻ ወንበር ላይ ያፌት ቀና ብሎ ሲያይ አየሁት። ቀዳዳው አሁን በእጅ የተከፈተ ነው፤ በእነሱ ደንብ ሐሰተኛ ነው። ከእንግዲህ ይህን ኮት ማንም አይሸጠውም፣ ማንም አይገዛውም፣ ማንም ዛላ አይሰፋበትም።

እማማ ሜላት እጃቸውን በቀዳዳው አስገቡ። እስከ ክርናቸው ገባ፣ ጣቶቻቸው በሌላው በኩል በደረቱ ወጡ። እንደዚያው እንዳለ ኮቱን ከፍ አደረጉትና ወደ ሕዝቡ አዞሩት።

«ኢዮስያስ» ብለው ጠሩት። «በዚህ ወጣህብኝ።»

ከዚያ ለቅሶው መጣ። አርባ ቀን የቆየ ለቅሶ ነው፤ የእሳቸውን ድምፅ ተከትሎ ድንኳኑ ሁሉ ተነሣ። እኔም አለቀስኩ፤ አሁን ኀዘን ነው፣ ንዴቱም አልሄደም፣ አብረው መጡ።

በርናባስ ቆመ። ዓይኑ ቀዳዳው ላይ ነበር። የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ፣ ሁለተኛውን ፈታ፣ ከትከሻው ላይ አወለቀው። ኮቱ እንደ ጫጩት ጮኸ። ጓደኞቹ አዩት። እሱ ግን ኮቱን እንደ እማማ በሁለት እጁ ይዞ ከፍ አደረገው። አጠገቡ ያለው ሰው ቁልፉን ፈታ። ከኋላው ያለው ደግሞ ፈታ። ከሴቶቹ መሐል ቤዛዊት ሹራቧን በጭንቅላቷ በኩል አወለቀች። ድንኳኑ በጫጩት ድምፅ ተሞላ፣ ለቅሶውም ከላዩ ይሄድ ነበር።

እኔ ትንፋሽ እቆጥር ነበር። አሥር ላይ ኮቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ መልሶ የለበሰ ግን አልነበረም።